የጎረቤቴን የጭስ ማውጫ የከደንኩት እኔ ነኝ

ቀን፦ ረቡዕ፣ መጋቢት 11

ለአካባቢ ጤናና ጽዳት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ግልባጭ፦ ለፖሊስ ጣቢያው ምርመራ ክፍል

ጉዳዩ፦ ስለ ጭስ ያቀረብኳቸውን አቤቱታዎችና ለፖሊስ የሰጠሁትን ቃል ስለማረም፤ የታሸገው ዳቦ ቤት እንዲከፈት፣ ጎረቤቴ ከእስር እንዲፈቱ፣ የጭስ ማውጫውም ከፍ እንዲል ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

በዚህ ጉዳይ ለጽሕፈት ቤትዎ ስጽፍ ይህ አራተኛዬ ነው። በፊተኞቹ ሦስት ደብዳቤዎች ከሳሽ ነበርኩ። በዛሬው ከሳሽም ተከሳሽም ስለሆንኩ አጻጻፌ ቢያነክስ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። የቢሮ አጻጻፍ የለመድኩትም ከእናንተው ዘንድ የሚደርሱኝን "ጉዳዩ እየታየ ነው" የሚሉ መልሶች ደጋግሜ በማንበብ ነው።

የእኔም የጎረቤቴም ሙሉ ስም በፋይሉ ላይ ስላለ እዚህ ሰፈሩ በሚጠራን እጽፋለሁ። ዳቦ ጋጋሪው ጎረቤቴ ሰው ሳይነሳ ስለሚነሱ "ማለዳ" ይባላሉ። እኔ ቆርቆሮ ሠሪ ነኝ፤ ከመዶሻዬ የተነሳ "ኳኳታ" ይሉኛል። ቤቶቻችን በአንድ ግንብ ይዋሰናሉ።

1. ሰኞ መጋቢት 2 ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዳቦ ቤቱ በጭስ ታፍኖ የማለዳ እናት ራሳቸውን ስተው ሐኪም ቤት ገብተዋል። እስከ ዛሬም አልወጡም። በማግሥቱ የጽሕፈት ቤትዎ ተቆጣጣሪዎች መጥተው የጭስ ማውጫውን አዩ። አፉ ክፍት፣ ውስጡ ጥቀርሻ የበዛበት ስለነበር "ባለቤቱ በወቅቱ ባለማጽዳቱ የተደፈነ" ብለው ጽፈው ዳቦ ቤቱን አሸጉት። የፊታችን ዓርብ ፈቃዳቸው ስለ መሰረዙ ይወሰናል ተብሏል።

2. በዚያው ቀን በእኔና በማለዳ መካከል ድብድብ ሆኖ ሁለታችንም ተጎድተናል። በፖሊስ መዝገብ ላይ የሰፈረው እኔ እናታቸውን ለማዳን ጣሪያ ላይ እንደ ወጣሁ፣ እርሳቸው ግን ያለ ምክንያት እንደ ደበደቡኝ፣ እኔም ራሴን ለመከላከል አንድ ጊዜ ብቻ እንደ መታኋቸው ነው። በዚህ ምክንያት እርሳቸው ታስረዋል፤ እኔ ቤቴ ነኝ።

3. የጭስ ማውጫው በጥቀርሻ አልተደፈነም። እኔ በሠራሁት የላሜራ ክዳን ተዘግቶ ነው። ማለዳ በተያዙበት ሰዓት ይህንኑ ጮኸው ተናግረው ነበር፤ ክዳኑ በቦታው ስላልተገኘ ማንም አላመናቸውም። ክዳኑን በጨርቅ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ከማውጫው አፍ ጋር ያስተያዩት፤ ልክክ ይላል። ማውጫውን ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት የሠራሁት እኔው ስለሆንኩ ልኩን ከራሴ ባርኔጣ ይልቅ አውቀዋለሁ።

ዋናው ነገር እስከዚህ ነው፤ ጊዜ የሌለው አንባቢ እዚህ ላይ ቢያቆም በቂውን አግኝቷል። የሚቀጥለውን የምጽፈው መርማሪው "ለምን?" ብለው መጠየቃቸው ስለማይቀር፣ እኔም ራሴን ስጠይቅ ስለ ሰነበትኩ ነው።

4. በሦስቱም አቤቱታዎቼ "የጎረቤቴ ጭስ በልጄ መስኮት ይገባል" ብያለሁ። እውነት ነው። መስኮቱ ከጭሱ በኋላ የመጣ መሆኑን ግን ዘልዬዋለሁ። ማውጫውን ስሠራው ከጣሪያዬ በላይ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ይታይ ነበር፤ ማንንም አልነካም። ታች ሱቄ ውስጥ ስበይድ የምጠቀምበት አሲድ ይተናል፤ ልጄ ደግሞ ደረቷ ደካማ ነው። ከዚያ ላርቃት ብዬ የዛሬ ስድስት ዓመት ሱቁ ላይ አንድ ክፍል ሠራሁላት። ግድግዳው ገና ሳይመረግ ሟች ባለቤቴ ቆማ አየችና "ይሄ መስኮት እኮ የሚከፈተው ጭሱ አፍ ላይ ነው፤ ወደ ጓሮ አዙረው" አለችኝ። በጓሮ በኩል ግንቡ ወፍራም ስለነበር ሰነፍኩ። ብርሃኑ በዚህ ይሻላል አልኳት። እንግዲህ ጭሱ ወደ እኛ አልመጣም፤ እኛ ነን ወደ ጭሱ የወጣነው።

5. ይህን ማመኔ ግን ማለዳን ነጻ አያወጣቸውም። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ የሚያነዱት ንጹሕ እንጨት አይደለም። ከሚፈርሱ ቤቶች የሚወጣ በር፣ የመስኮት ፍሬም፣ ቀለምና ቫርኒሽ የጠጣ ጣውላ ነው። ጭሱ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ምላስ ላይ ይቀመጣል። ልጄ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እዚያችው ክፍል ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ነጭ ጨርቅ ዘርግታ ፊቷን መለስ ስታደርግ ጨርቁ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይወርዳል። እርሱስ ይታጠባል። ደረቷ ሲዘጋ ግን የስፌት ጠረጴዛዋን ጫፍ በሁለት እጅዋ ጨብጣ፣ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ እየወጣ፣ ከንፈሯ እየጠቆረ አየር ትለምናለች። በዚህ ዓመት ብቻ አራት ጊዜ ተሸክሜ ክሊኒክ ወስጃታለሁ። አራተኛው ቀን መንገድ ላይ ጀርባዬ ላይ ሆና ፀጥ አለችብኝ። ሞተች ብዬ ለማየት ፈርቼ ዝም ብዬ ሮጥኩ።

6. ወደ ማለዳ ሄጄ በወግ አናግሬያቸዋለሁ። እርሳቸውም በወግ ሰምተውኝ ሲያበቁ "አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ጆሮዬን ስትቀጠቅጠው እኔ በየትኛው ቢሮ ከሰስኩህ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ኮሌታቸውን ያዝኩ። ከዚያ ቀን በኋላ በመካከላችን የቀረው ጉልበት ብቻ ነው። እርሳቸው የልጄን መስኮት መስተዋት በድንጋይ አወረዱ። እኔ ሊጥ የሚቦካበትን ገንዳ ደጅ ሊያደርቁት ባወጡበት በእግሬ ሰነጠቅሁት። ግንቡ ሥር ተያይዘን ወድቀን ጆሮዬን ነክሰውኛል፤ እኔም ጣታቸውን ወደ ኋላ ቆልምሜ እስኪጮኹ ይዤዋለሁ። ሁለታችንም ሃምሳ አልፈናል። ልጄ ከላይ በመስኮት "ኧረ ስለ ማርያም፣ ሰው ያያችኋል" ትለን ነበር።

በጥር ወር አንድ ቀን፣ ልጄን ከክሊኒክ በመለስኳት ዕለት፣ መጥረቢያ ይዤ ወደ ግቢያቸው ገባሁና የተከመረውን የአሮጌ በር ቁልል ቁርጥርጥ እስኪል ፈለጥኩት። ላቤ ጠብ እስኪል፣ ክንዴ እስኪዝል አላቆምኩም። ማለዳ በሩን ተደግፈው እስክጨርስ አዩኝና "እግዜር ይስጥልኝ፤ ፈላጭ ፍለጋ ከመዞር አዳንከኝ" አሉኝ። ሠራተኞቻቸው ሳቁ። በዚያ ሳምንት ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። የፈለጥኩላቸውንም እንጨት ማግሥቱን አነደዱት፤ በልጄ መስኮት ገባ። ክዳኑን የቆረጥኩት ያን ዕለት ነው።

7. ባለቤቴን በሚመለከት። በሁለተኛው አቤቱታዬ "ባለቤቴም በዚሁ ጭስ ሞታለች" ብዬ ጽፌ ነበር። ይህ ቃል ይሰረዝልኝ። ሐኪሙ የሰጠኝ ወረቀት ልብ ነው የሚለው። የሞተችው ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ ቀለም የተቀባ እንጨት መንደድ የጀመረው ከሁለት ዓመት ወዲህ። ይህን መቀነስ ስድስተኛ ክፍል አይጠይቅም። ሐዘኔ ግን የሚመታው ሰው ፈልጎ ነበር፣ በግንቡ ማዶም አንድ ሰው አገኘ። እርሷ በታመመች ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ከአልጋዋ አጠገብ ያልተነሱት፣ ዓይኗንም የገጠሙላት የማለዳ እናት ናቸው። እማማ ነው የምንላቸው። ይህንን በየትኛውም ደብዳቤዬ ላይ አልጻፍኩም።

8. የዚያን ሰኞ ዕለት። ከሰዓት በኋላ ምድጃው ለሁለተኛ ጊዜ ይለኮሳል። ማለዳ ሠራተኞቻቸውን ይዘው የመጣ እንጨት ለማራገፍ ወደ መንገዱ ጫፍ ሲወጡ በመስኮት አየሁ። ልጄ ክር ልትገዛ ወጥታ ነበር። በመስኮቷ ወደ ጣሪያቸው ተሻገርኩ። የማውጫውን ቆብ ነፋስ ከወሰደው ስለቆየ አፉ ክፍት ነው። ክዳኑን አስገብቼ በመዶሻ ሦስት ጊዜ አናቱን መታሁትና ተመልሼ የልጄ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ያሰብኩት ማለዳ ሲመለሱ የራሳቸውን ጭስ እንዲውጡት ነበር።

እማማ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከሰዓት ከሰዓት ምድጃው አጠገብ ባለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። "አላወቅሁም ነበር" ብዬ ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ወረቀት ቀድጃለሁ። አውቅ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በዚያ ሰዓት ትዝ አላሉኝም ማለት እችላለሁ፤ ይህ ግን ምን ያህል እንደሚያቀልልኝ መመዘኑን ለእናንተና ለፈጣሪ እተዋለሁ።

ሳል ሰማሁ። ማን እንደሚስል አልጠየቅሁም። ደስ አለኝ። ክቡር ኃላፊ፣ ይህችን ቃል ማንም አላስገደደኝም፤ ደስ አለኝ። ልጄ የሳለችውን እያሰብኩ፣ ያኛውን ሳል በዚህኛው እየመለስኩ ተቀመጥኩ። ሩብ ሰዓት ያህል ይሆናል። በኋላ ሳሉ ቀጠነና ድምፅ መጣ፤ "ኳኳታ፣ ልጄ፣ ድረስልኝ" የሚል። የሚሰማቸው ቅርብ ሰው እኔ መሆኔን ስለሚያውቁ የጠሩት እኔን ነው።

እንዴት እንደ ተሻገርኩ አላውቅም። ክዳኑ ግሎ ነበር፤ በባዶ እጄ ነው የነቀልኩት። የመዳፌ ቆዳ ላሜራው ላይ ቀርቷል፤ ክዳኑን ሲመረምሩ ያዩታል። ወደ ልጄ ክፍል ወርውሬው ጣሪያቸውን በተደገፈው መሰላል ወደ ግቢያቸው ወረድኩ። ማለዳ ጩኸት ሰምተው ደርሰው እናታቸውን አውጥተው መሬት ላይ አጋድመዋቸው ነበር። ቀና ብለው ከጣሪያቸው ላይ ስወርድ አዩኝ። የሆነው ሁሉ ወዲያው ገብቷቸዋል። ዳቦ ወደ ምድጃ የሚያስገቡበትን ረጅም አካፋ አንስተው በአፌ ላይ አሳረፉት፤ ሁለት የፊት ጥርሶቼ ምላሴ ላይ ወደቁ። ሁለተኛው ምት ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ እጀታው ተሰበረ። እኔም ከቀበቶዬ መዶሻዬን መዝዤ አንገታቸው ሥር ያለውን አጥንት መታሁ። ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት፤ በጉልበታቸው ወደቁ። መዝገቡ ላይ ያለው ምት ይኸኛው ነው።

ሁለተኛው መዝገቡ ላይ የለም። በጉልበታቸው ሆነው፣ እጃቸው ተንጠልጥሎ፣ እኔን ሳይሆን እናታቸውን እያዩ ሳለ ደግሜ መታኋቸው። ሦስተኛውን የሰፈሩ ሥጋ ሻጭ ከኋላ መጥቶ ክንዴን ይዞ ነው ያስቀረው። ባይመጣ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ዓይነት ደብዳቤ ነበር።

9. ስለ ሐሰት ቃሌ። ፖሊሶቹ ሲደርሱ አፌ በደም ተሞልቶ መናገር አልችልም ነበር። እማማ በሰው እጅ ላይ ሆነው ትንፋሽ እንዳገኙ "ጠራሁት፤ ኳኳታ ደረሰልኝ" አሉ። መርማሪው ያንን ጻፉ። በማግሥቱ "እንደዚህ ነው?" ብለው አነበቡልኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁ። ስለ መዳፌም በብየዳ ካውያ ነው የተቃጠልኩት ብዬ ለክሊኒኩ ተናግሬአለሁ። ውሸቴ ይህቺው ናት፤ አንድ የራስ ንቅናቄና አንድ ካውያ። በእርሷ ሰው ታስሯል።

10. ከዚያ በኋላ ያለፉት ዘጠኝ ቀናት። ምድጃው ስለታሸገ አየሩ ንጹሕ ነው። ልጄ በጀርባዋ ተኝታ ስታድር ከሁለት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ሐሙስ ጠዋት ጸሎት ቆሜ ለዚህ አመሰገንኩ። ምስጋናውን ከአፌ ካወጣሁ በኋላ ስለ ምን እንዳመሰገንኩ ገባኝና እዚያው ተቀመጥኩ። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም፤ ዝምታዬ በየቀኑ ለልጄ ትንፋሽ ይጨምርላታል። ይህን የመሰለ ፈተና ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፤ እኔ ግን በልቼዋለሁ፣ ጣፍጦኛልም።

ቅዳሜ ዕለት እማማን ልጠይቅ ሄድኩ። በፋሻ የታሰረውን እጄን አንስተው ሳሙት። "ለእኔ ሲል የተቃጠለ እጅ" አሉ። ቀጥለውም ልጃቸውን ይቅር እንድልላቸው ለመኑኝ፤ "ክፉ ሆኖ አይደለም፣ እኔን እንደዚያ አይቶ ደንግጦ ነው" አሉኝ። አጠገባቸው ያለችው ታማሚ ሳትቀር መረቀችኝ። ምርቃቱን ተቀብዬ ወጣሁ።

ከትናንት ወዲያ ልጄ ክፍሏን ስትጠርግ ክዳኑን ከአልጋዋ ሥር አገኘችው። የቆርቆሮ ሠሪ ልጅ ናት፤ የምን ክዳን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ላሜራው ላይ የተጣበቀውን አየች፣ እጄን አየች። ሁሉንም ነገርኳት። "የሰው ጉሮሮ ተዘግቶ የእኔ ቢከፈት ምን ያደርግልኛል" አለችኝ። ወዲያው ነጠላዋን አንስታ ወደ እማማ ሄደች። ለእርሳቸው ምን እንደነገረቻቸው አልጠየቅኋትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ "አባዬ" ብላ አትጠራኝም፤ ሌላ ሰው ፊት እንደቆመች "አባቴ" ትለኛለች።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ. ዳቦ ቤቱ እንዲከፈት፣ የዓርቡም ውሳኔ እንዲቀር። ማለዳ ማውጫቸውን ማጽዳት ነበረባቸው፤ እናታቸውን ያፈነው ግን ጥቀርሻው አይደለም።

ለ. ማለዳ ከእስር እንዲፈቱ። ለጥርሶቼ አልከሳቸውም። እናቴ መሬት ላይ ተጋድማ፣ ያጋደማት ሰው ከጣሪያ ሲወርድ ባየው ኖሮ እኔ አካፋ አይበቃኝም ነበር።

ሐ. ምድጃው ዳግመኛ ከመለኮሱ በፊት የጭስ ማውጫው ቢያንስ ሁለት ሜትር ተኩል ከፍ እንዲል፣ ቀለም የነካው እንጨትም እንዳይነድ በጽሑፍ እንዲታዘዝ። በዚህ አቤቱታዬ እንደ ጸናሁ ነኝ። እኔ በድያለሁ ማለት ጭሱ ጭስ አይደለም ማለት አይደለም፤ ልጄ የማንንም ማውጫ አልከደነችም። የሚበቃው ላሜራ ሱቄ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ልኩም በእርሳስ ተጽፎበታል። የሚገጥመው ግን ሌላ ቆርቆሮ ሠሪ ይሁን። እኔ ያን ጣሪያ እንዳልረግጥ ይከልከልልኝ።

መ. የላይኛው ሐ ጊዜ የሚወስድ ከሆነ እርሱን ሲጠብቁ ሀ እና ለ እንዳይዘገዩ። ይህንን መስመር ከልጄ ጋር ተነጋግረን ነው የጻፍኩት። እስኪስተካከል አክስቷ ቤት ትቀመጣለች።

ሠ. እኔን በሚመለከት፣ ነገ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቅያሪ ልብስ ይዤ ጣቢያው እቀርባለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይታዘዝልኝ፤ እኔ ሳልገባ እርሳቸው አይውጡ፣ በበሩም ላይ አንገናኝ። ይህን የምለው እርሳቸውን ፈርቼ አይደለም። ሁሉንም ጽፌ፣ ተጸጽቼ፣ እማማን በዓይኔ አይቼ እንኳ፣ በጥር ወር በሩን ተደግፈው ያሉኝ ቃልና የሠራተኞቻቸው ሳቅ ትዝ ሲለኝ ደሜ እንደ ያኔው ይፈላል። ንስሐዬ እስከ ምን ድረስ እንደወረደ አላውቅም። መዳፌ ገና አልዳነም፤ መዶሻ ለመያዝ ግን ይበቃል። ትናንት ሞክሬዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣ እጄን ለሕግ እሰጣለሁ፤

(ፊርማ)
አመልካች ቆርቆሮ ሠሪው

አባሪ፦ አንድ የላሜራ ክዳን